ከደሴ ወርዶ ጅቡቲ ባሕር ላይ ዌል ሻርክ ለማየት፦ ከዝግጅቱ እስከ ውሃው

ከደሴና ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ድረስ ወርደው ትልቁን ዓሣ ሳያዩ የሚመለሱ ሰዎች በየዓመቱ ያጋጥሙኛል። አንዱ ወሩን ተሳስቶ ነው። ሌላው ጀልባው አምልጦት ነው። የሚበዛው ግን ጀልባው ላይ እያለ፣ ዓሣው አጠገቡ ሲያልፍ እሱ ባልዲ አቅፎ ነበር። እኔም በመጀመሪያ ጉዞዬ ከሦስቱ ሁለቱን አሟልቻለሁ።

ጥፋቱ ባሕሩ ላይ አይጀምርም፤ ገና ደሴ እያለን ነው። ስለዚህ ከዚህ መመሪያ ግማሹ ወሎ ውስጥ የሚሠራ ነው። «እሱን ዝለለውና ስለ ባሕሩ ንገረን» የሚል ካለ፣ ባልዲውን ከአሁኑ ይግዛ።

አንድ ነገር ብቻ እናጥራ። ዌል ሻርክ ዓሣ ነባሪ አይደለም። በስንጥብ የሚተነፍስ ዓሣ ነው፤ ከዓሦች ሁሉ ትልቁም እሱ ነው። ሰው አይበላም። አፉን ከፍቶ ውሃ እያጣራ ፕላንክተን የሚባሉትን ደቃቅ የባሕር ፍጥረታት ይመገባል። ሙሉ ያደገው ከ12 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ጅቡቲ ዳርቻ የሚታዩት ግን አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው፤ ጥቂት ሜትር ነው ርዝመታቸው። አውቶብስ የሚያክል ጠብቃችሁ ከሄዳችሁ ታዝናላችሁ። ሚኒባስ ጠብቁ።

ደረጃ 1፦ ወሩንና ሰዓቱን አስተካክሉ

ዓሦቹ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ጠጋ የሚሉት በዋናነት ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ነው። በእኛ ከጥቅምት 22 ገደማ እስከ ጥር 23 ገደማ። ቀን ስታስይዙ የፈረንጁንም የእኛንም ቀን ጽፋችሁ ላኩ። «ወሩ በገባ በ10ኛው ቀን» የሚል መልእክት ስንት ሰው አጣልቷል።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። የጅቡቲና የእኛ ሰዓት ልዩነት የለውም፤ አቆጣጠሩ ግን ይለያል። ጀልባ ነጂው «በ7 ሰዓት እንነሳለን» ካለ፣ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። እኔ በ7 ሰዓት ምሳዬን በልቼ፣ ጥርሴን እየፋቅሁ ወደብ ደረስኩ። ጀልባው ሊመለስ ተቃርቦ ነበር። የከፈልኩትን ማንም አልመለሰልኝም፤ እውነቱን ለመናገር መመለስም አልነበረበትም።

*ማድረግ ያለባችሁ፦* ስልካችሁን ከአንድ ቀን በፊት በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት፤ ከጉዞው እስክትመለሱ አትንኩት።

ደረጃ 2፦ ወረቀት

1. ፓስፖርትና ቪዛ። ቪዛ በኢንተርኔት ማመልከት ይቻላል። በየብስ ለመግባት ካሰባችሁ ግን የያዛችሁት ቪዛ ጋላፊ ድንበር ላይ የሚሠራ መሆኑን ቀድማችሁ ኤምባሲውን ጠይቁ። ድንበር ላይ ደርሶ መመለስ ማለት ያን ሁሉ በረሃ ደግሞ ማየት ነው።
2. የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጥ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።
3. ገንዘብ። የጅቡቲ ፍራንክ ምንዛሪ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 177 ፍራንክ ገደማ። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት፤ መንገድ ላይ የሚመነዝር ሰው ሌላ ቁጥር ሊነግራችሁ ይችላል።

ደረጃ 3፦ ሐይቅ ላይ ተለማመዱ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። እኔ ግን አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው እሱን ነው።

ደሴ ሆናችሁ ጀልባ ተሳፍራችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ከከተማው ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሐይቅ ከተማ ውረዱ። ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ። ጀልባ ተከራዩና ለአንድ ሰዓት ያህል ውሃ ላይ ቆዩ። ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፤ ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ቦታ አለው። «እኔ እያለሁ ምን ትሆናላችሁ» የሚል ቀዛፊ ላይፍ ጃኬት አይደለም።

ሦስት ነገር ተለማመዱ፦

*ሀ) ዓይንን ማሳረፍ።* ጀልባው ሲወዛወዝ ማዶ ያለውን ዳርቻ ተመልከቱ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበትን ወገን፣ ወይም ከኋላው ያለውን የተራራ መስመር። ዓይናችሁ በማይነቃነቅ ነገር ላይ ሲያርፍ ሆዳችሁም ያርፋል። ከዚያ ለሁለት ደቂቃ ስልካችሁን ተመልከቱና ልዩነቱን እዩት። አንዴ ካያችሁት ባሕር ላይ ማንም አይመክራችሁም።

*ለ) መፈለግ።* ጥቁር ሆኖ አንገቱ የረዘመ፣ ጠልቆ ዓሣ የሚያድን ወፍ ፈልጉ። ሲጠልቅ የት እንደሚወጣ ገምቱ። መጀመሪያ ሁሌም ትሳሳታላችሁ። ምክንያቱም የጠለቀበትን ቦታ ላይ ትፈጣላችሁ። ፍዝዝ ብላችሁ ሰፋ ያለውን ውሃ በሙሉ ተመልከቱ፤ ሲወጣ እንቅስቃሴው ራሱ ይጠራችኋል። ዌል ሻርክም የሚፈለገው እንደዚሁ ነው።

*ሐ) ባይኖክላር።* ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ባይኖክላር እያሰሱ መፈለግ ያጥወለውላል። በዓይን አግኙ፤ ከዚያ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ባይኖክላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ክንፉን እያርገበገበ ባለበት ቆሞ ከዚያ ቁልቁል የሚወረወረው ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ለዚህ ልምምድ ግሩም ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ለልምምድ ብላችሁ ሐይቁ ውስጥ አትግቡ። በብዙ የአገራችን ሐይቆች ዳርቻ ብልሃርዝያ አለ።

ደረጃ 4፦ የሳፋ ልምምድ

ስኖርክል ማለት አፍ ውስጥ የሚያዝ የመተንፈሻ ቱቦ ነው። ዓይንና አፍንጫ በማስክ ይሸፈናሉ፤ የሚተነፈሰው በአፍ ብቻ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል። ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ስትነክሩ ግን ሰውነታችሁ «መተንፈስ አቁም» ይላችኋል። ይህን መጀመሪያ ባሕር ላይ መጋፈጥ ሞኝነት ነው።

የመዋኛ ገንዳ ካገኛችሁ ገንዳ ውስጥ፤ ካላገኛችሁ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሙሉ ውሃ ይበቃል።

1. ማስኩን ያለ ማሰሪያው ፊታችሁ ላይ ለጥፉና በአፍንጫ ትንሽ ሳቡ። ሳይወድቅ ከቆየ ልካችሁ ነው። ጢም ያለው ሰው ከአፍንጫው በታች ያለውን ይላጭ፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።
2. ቱቦውን ነክሳችሁ፣ ፊታችሁን ነክራችሁ፣ ቀስ እያላችሁ እስከ 100 ትንፋሽ ቁጠሩ።
3. ቱቦው ውስጥ ሆን ብላችሁ ትንሽ ውሃ አስገቡ። በአንዴ «ቱፍ!» ብላችሁ በኃይል ንፉት። ውሃው በላይ ይወጣል።
4. ማስኩ ውስጥ ውሃ ሲገባ የማስኩን የላይኛ ጠርዝ ግንባራችሁ ላይ ጫኑ፣ ቀና በሉ፣ በአፍንጫ ንፉ። ውሃው በታች ይወርዳል።

ቤተሰብ ይስቃል። ይሳቅ። እናቴ «ልጄ ምን ነካው» ብላ ጎረቤት ጠርታለች።

ደረጃ 5፦ ጀልባውን መምረጥ

አብዛኛው ጉዞ ከጅቡቲ ከተማ ተነስቶ ወደ አርታ ዳርቻ ይሄዳል። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

- ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት አለ?
- ከጸሐይ የሚከልል ጣሪያ አለው?
- ሞተሩ ቢጠፋ ምንድነው እቅዱ? ሬዲዮ ወይም ሁለተኛ ሞተር አለ?
- በአንዴ ስንት ሰው ውሃ ውስጥ ይገባል? «የፈለጋችሁትን ያህል» ካለ ሌላ ፈልጉ።
- አብሮ ውሃ የሚገባ አስጎብኚ አለ? ዋና ለማትችሉ ይህ ግዴታ ነው።
- መጸዳጃ አለ? ትንንሽ ጀልባ ላይ የለም። ቀድሞ ማወቅ ይሻላል፤ በተለይ ለሴቶች።

«ዓሣውን እንድትነኩት አደርጋለሁ» የሚል ነጂ ካጋጠማችሁ ጨዋ ሰው አይደለም። ዌል ሻርክ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ውስጥ ያለ ነው።

ደረጃ 6፦ መውረዱ

መንገዱ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት ካለፉ ሾፌሮች ጠይቁ። ያለፈው ወር ወሬ አይሠራም። ካልተመቸ አዲስ አበባ ገብቶ በአውሮፕላን ወይም በባቡር መሄድ አለ፤ ይረዝማል እንጂ ይደርሳል።

ከደሴ ብርድ ወደ አፋር ሙቀት በአንድ ቀን ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ሰመራ ወይም ሎጊያ እደሩ። በማግሥቱ ጅቡቲ፤ እዚያም አንድ ሌሊት አርፋችሁ ነው ጀልባ የምትሳፈሩት። ከመኪና ወርዶ በቀጥታ ጀልባ የወጣ ሰው መጨረሻውን አውቀዋለሁ። ጅቡቲ ወባ አለና አጎበር ወይም የትንኝ ቅባት አትርሱ።

ደረጃ 7፦ ሆዳችሁን አዘጋጁ

ከዋዜማው ማታ ጀምሩ። ቅባት የበዛበት አትብሉ፤ አልኮል ተዉ፤ በጊዜ ተኙ። ጫት ቅማችሁ ሌሊቱን ዓይናችሁን አፍጥጣችሁ ካደራችሁ ጠዋት ባሕሩ ይበቀላችኋል።

ጠዋት ባዶ ሆድ አትውጡ። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። «ካልበላሁ ምን አስመልሳለሁ» ይላል። ባዶ ሆድ ይበልጥ ያጥወለውላል። ደረቅ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ትንሽ ሻይ በቂ ነው። የነቢያት ጾም ላይ ከሆናችሁና እስከ ቀትር የምትቆዩ ከሆነ፣ ይህን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱት፤ ጀልባ ላይ ሆኖ መወሰን አይመችም። ቆሎ ያዙ። ባሕር ላይ እንደ ቆሎ የረዳኝ ነገር የለም፤ ቀስ እያሉ መቆርጠሙ ራሱ ሆድ ያረጋጋል። ዝንጅብልም የሚስማማቸው አሉ።

የማቅለሽለሽ መከላከያ ኪኒን ፋርማሲ አለ። ደሴ ሳላችሁ ግዙ፤ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለባለሙያው ንገሩ። የሚዋጠው ጀልባው ከመነሳቱ ከግማሽ እስከ 1 ሰዓት ቀድሞ ነው። ማጥወልወል ከጀመረ በኋላ መዋጥ ብዙ አይጠቅምም፤ ኪኒኑም አብሮ ይወጣል። እንቅልፍ ያመጣልና ቤት ሳላችሁ አንድ ቀን ሞክሩት።

*የጠዋት ቦርሳ፦* 2 ሊትር ውሃ በሰው፣ እጀ ረጅም ስስ ልብስ፣ ኮፍያ በማሰሪያ፣ ፎጣ፣ ስልክ የሚገባበት ውሃ የማያስገባ ከረጢት፣ ፌስታል። ከቆዳ ቅባት ይልቅ ልብስ ልበሱ፤ ቅባቱ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ጸሐዩ ግን የደጋ ቆዳ አያውቅም።

ደረጃ 8፦ ጀልባው ላይ፣ ማየት

መሃል ወይም ከመሃል ወደ ኋላ ተቀመጡ። የጀልባው አፍንጫ ለፎቶ ያምራል፤ ከፍ ዝቅ የሚለውም እሱ ነው። የሞተሩ ጭስ ከሚመጣበት ግን ራቁ።

አቅጣጫ በሰዓት ነው የሚነገረው። የጀልባው አፍንጫ 12 ነው፣ ቀኝ 3፣ ኋላ 6፣ ግራ 9። የሰዓቱን ፊት ብቻ አስቡ፤ «በእኛ ስንት ነው» እያላችሁ አትቀንሱ። ነጂው ፈረንሳይኛ ከተናገረ «አ ድሯት» በቀኝ ማለት ነው። «አ ጎሽ!» ብሎ ሲጮህ ደግሞ እያደነቃችሁ አይደለም፤ በግራ ተመልከቱ እያለ ነው።

ምን ትፈልጋላችሁ?

- *ሁለት ክንፍ ተከታትሎ።* የጀርባው ክንፍና የጭራው ጫፍ ተራርቀው፣ ቀስ ብለው በአንድ መስመር ሲሄዱ ዌል ሻርክ ሊሆን ይችላል።
- *ከውሃው በታች ጥቁር ጥላ፣ ላዩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ።* ነጠብጣቡ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የሁለት ዓሣ አይመሳሰልም። ተመራማሪዎችም የሚለዩዋቸው በዚሁ ነው።
- *ወፎች ተሰብስበው ሲወረወሩ።* ከሥር ምግብ አለ ማለት ነው።
- *እየዘለለ የሚሄድ።* ያ ዶልፊን ነው። ዶልፊን ሊተነፍስ ይወጣል፣ ጭራው አግድም ተኝቶ ላይና ታች ይመታል። የዓሣ ጭራ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፣ ግራና ቀኝ ይመታል። ዓሣ ነባሪንም ከሻርክ የምትለዩት በዚህ ነው።

ጸሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ፊት ለፊት ከሆነች ውሃው መስታወት ይሆናል፣ ከሥሩ ምንም አይታይም። ነጸብራቅ የሚቀንስ የጸሐይ መነፅር ካላችሁ እዚህ ጋ ዋጋውን ይመልሳል።

ያየ ሰው አይጩህ፣ አይነሳ፤ እጁን ወደ ቦታው ይቀስርና ሰዓቱን ይጥራ። ሁሉም በአንድ ጎን ከተንጋጋ ጀልባው ያጋድላል።

ደረጃ 9፦ ውሃው ውስጥ

1. አስጎብኚው ሳይል አትግቡ። ሞተሩ ገለልተኛ ማርሽ ላይ መሆን አለበት።
2. አትዝለሉ። ጠርዙ ላይ ተቀምጣችሁ ተንሸራተቱ። ዝላይ ዓሣውን ያስጠልቀዋል፤ ከ20 ሰው ትዝብት ጋር ትቀራላችሁ።
3. ከጎኑ ዋኙ፣ ከፊቱ አትቁሙ። ከሰውነቱ 3 ሜትር፣ ከጭራው 4 ሜትር ራቁ። አይነክስም፤ ጭራው ግን የዱላ ያህል ነው።
4. አትንኩ፣ ፍላሽ አታብሩ፣ አትከተሉ። በሙሉ ጉልበታችሁ ብትዋኙም እሱ ዝም ብሎ ይቀድማችኋል።

ዋና የማትችሉ አብሽሩ፣ ደጋ ላደገ ሰው ነውር አይደለም። ላይፍ ጃኬት ለብሳችሁ፣ ከአስጎብኚው ጋር አንድ ተንሳፋፊ ጎማ ይዛችሁ፣ ፊታችሁን ብቻ ንከሩ። ፍርሃት ከያዛችሁ ጀልባው ላይ ቆዩ፤ ውሃው ላይ ጠጋ ብሎ ሲመገብ ከላይም ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ከሁሉ የማስታውሰው ከላይ ያየሁትን ነው፤ ያን ሰፊ አፍ ከፍቶ፣ ምንም ሳይቸኩል።

ሲበላሽ

*ማጥወልወል ጀመረ፦* ስልክ አስቀምጡ፣ አድማሱን ተመልከቱ፣ ነፋስ ፊታችሁን ያግኘው። ሊወጣ ከሆነ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ዞራችሁ አስወጡት፤ በተቃራኒው ከሆነ ጎረቤታችሁ ላይ ነው። ከዚያ ውሃ በትንሽ በትንሹ።

*ወደ እናንተ ቀጥ ብሎ መጣ፦* አትንፈራገጡ። ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ውጡለት፤ ያልፋችኋል።

*ቆዳ ላይ የሚቆነጥጥ ነገር፦* ፕላንክተን በበዛበት ውሃ ውስጥ የሚያቃጥሉ ደቃቅ ነገሮችም አሉ። እጀ ረጅሙ ልብስ ለዚህም ነው። ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ፊታችሁ ካበጠ ግን ወዲያው ውጡና ተናገሩ።

*ከጀልባው ራቃችሁ፦* ወደ ጀልባው ለመድረስ አትታገሉ። በጀርባ ተንሳፈፉ፣ አንድ እጅ ወደ ላይ አንሱ፣ ጠብቁ። ጀልባው ይመጣል።

*ምንም አልታየም፦* ይሆናል። ነጂውን «ሩቅ ሂድ፣ ፍጠን» እያላችሁ አታስጨንቁት፤ የሚፈጥን ጀልባ ዓሣ ይመታል። ቀን ከተረፋችሁ በማግሥቱ ድገሙ። ስለዚህ ነው ጉዞውን ስታቅዱ አንድ መጠባበቂያ ቀን መያዝ ያለባችሁ።

ስትመለሱ ማስኩን፣ ቱቦውንና የስልኩን ከረጢት በዚያው ምሽት በንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ ጨው ደርቆ ካደረ ጎማውን ያበላሸዋል። ወፍራም ሹራብ ደግሞ ከሻንጣው በላይ አድርጉት። ባቲን አልፋችሁ ሽቅብ ስትጀምሩ መፈለጋችሁ አይቀርም።